የሽጉጥ ምርጫ ከውሎ ይጀምራል

 በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ፣ መኪና እየነዳችሁም ሆነ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የምትከታተሉን አድማጮቻችን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሽጉጥ ነው። በሕግ ተፈቅዶ፣ ከልብስ ሥር ተሸሽጎ፣ በየቀኑ የሚታጠቅ ሽጉጥ እንዴት እንደሚመረጥ እንነጋገራለን።

ጉዳዩ ደስ የማይላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ግን በመካከላችን አለ። ነዳጅ ማደያ ሌሊት የሚያድር ወንድም፣ ሱቁን ዘግቶ የዕለቱን ገቢ በኪሱ ይዞ ወደ መኪናው የሚሄድ አባት፣ ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ጭር ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ብቻዋን የምትራመድ እህት፣ ሁሉም አንድ ቀን ያስቡታል። ብዙዎቹ ታዲያ ጓደኛቸው የያዘውን አይተው፣ ወይም ሻጩ ከመስተዋቱ ሥር አውጥቶ ያሳያቸውን ወደው ይገዛሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አንዱ ከብዶት ይተወዋል፣ ሌላዋ ፈርታው፣ ሌላው ደግሞ ይዞት የማይገባበት ቦታ ስለበዛበት። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ሽጉጥ መንገድ ላይ ማንንም አያድንም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ቀን የሚጠብቅ አደጋ ነው። ስለዚህ ስለ ጥይት መጠንና ስለ ፋብሪካ ስም ከማንሳታችን በፊት ስለ ውሎአችሁ እንነጋገር።

ከሕጉ ልጀምር። ሰኔ 2022 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሩን በሚባለው የኒውዮርክ መዝገብ ውሳኔ ሰጠ። ሽጉጥ መታጠቅ የሚፈልግ ሰው ከሌላው የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረውን የኒውዮርክ ሕግ ሻረው። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕግ ስለነበራት ወዲያው ያንን መጠየቅ አቆመች። ከዚያ በፊት በሜሪላንድ ተራ ሰው ፈቃድ ማግኘቱ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ያገኛል። መስፈርቱ ግን አሁንም ቀላል አይደለም። በሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ ፖሊስ ሲሆን የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። በዲሲ የሚሰጠው የከተማው ፖሊስ ነው፤ 16 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ያስፈልጋል፣ በየ2 ዓመቱም ይታደሳል። በቨርጂኒያ ደግሞ ማመልከቻው የሚገባው በምትኖሩበት አካባቢ ላለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜ 21 ዓመት መሙላት አለበት፤ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ፈቃዱም 5 ዓመት ያገለግላል። በኮምፒውተር ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና ከ2021 ወዲህ በቨርጂኒያ ተቀባይነት የለውም።

እዚህ ላይ ጆሮአችሁን አደራ። የቨርጂኒያ ፈቃድ በሜሪላንድ አይሠራም፤ በዲሲም አይሠራም። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ዲሲ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ለክርስትና የሚሄድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት ሕጎች ሥር ያልፋል። የ14ኛውን ጎዳና ድልድይ ሽጉጥ በወገቡ አድርጎ ሲሻገር፣ ወንዙ ማዶ ሕጋዊ የነበረው ሰው ወንዙ ወዲህ ወንጀለኛ ይሆናል። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሽጉጥ ማጓጓዝ የሚያስፈልገው ሰው፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚከላከልለት በተነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ መያዙ የተፈቀደ ሲሆን፣ ጥይቱ ከሽጉጡ ከወጣና ሁለቱም ከእጅ በማይደረስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በተቆለፈ ሳጥን ተደርገው ከኋላ ዕቃ መጫኛ ከተቀመጡ ነው።

ዜግነት ላላገኘን ሰዎች ደግሞ ሌላ ክብደት አለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራሉ ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ግን አይችልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አይችልም። ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ያለ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ሽጉጥ አትንኩ። ግሪን ካርድ ያለንም ብንሆን፣ ከጦር መሣሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ያ የድልድዩ ስህተት ለዜጋ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ቤተሰብ የሚበተንበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሱቁ ውስጥ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ይባላል። በሐሰት መሙላቱ ራሱ ወንጀል ነው። ቅጹ ከሚጠይቃቸው አንዱ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ወይም አነቃቂ ዕጽ ትጠቀማላችሁ ወይ የሚል ነው። ማሪዋና በግዛታችሁ ቢፈቀድም የፌዴራሉን ሕግ አያስቀርም። ጫት የምትቅሙም ልብ በሉ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከተከለከሉት ዕጾች በመጀመሪያው ምድብ የሰፈረ ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም፣ ጥፋቱ ቀላል ወንጀል ቢባል እንኳ፣ ከ1996 ጀምሮ ሽጉጥ እንዳይዝ በሕግ ተከልክሏል። ደግሞ፣ «ወንድሜ ወረቀት ስለሌለው በስሜ ልግዛለት» ማለት እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። በዘመድ ፍቅር የሚደረግ ነገር ስለሆነ ደጋግሜ እላለሁ፤ አታድርጉት።

ወደ ሥራችሁ እንምጣ። ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ኡበርና ሊፍት ትነዳላችሁ። ሁለቱም ድርጅቶች በሥራ ላይ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላሉ፤ ሹፌሩንም ተሳፋሪውንም። ፈቃድ አለኝ ማለት ከሥራ መታገድን አያስቀርም። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱና የምትመልሱ ከሆነ የትምህርት ቤት ዙሪያ የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው። ፖስታ ቤትና የፌዴራል መሥሪያ ቤት ክልክል ነው። በዲሲ ሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ ውስጥም እንዲሁ። በቨርጂኒያ የአልኮል መጠጥ የሚሸጥበት ሬስቶራንት ሽጉጥ ሸሽጎ የገባ ሰው አንዲት ብርጭቆ እንኳ መጠጣት አይችልም። ቅዳሜ ማታ ክትፎ በጠጅ ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወረቀት አውጡና የአንድ ሳምንት ውሎአችሁን ጻፉ። የት ትገባላችሁ? ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ ትቀመጣላችሁ? ምን ትለብሳላችሁ? ከሳምንቱ ሰዓት አብዛኛውን ሽጉጡን አውጥታችሁ መኪና ውስጥ የምትተዉት ከሆነ፣ ለሌባ የምታቀርቡት ንብረት ገዝታችኋል ማለት ነው። ከመኪና የሚሰረቅ ሽጉጥ በዚህ አገር ብዙ ነው። የጓንት ማስቀመጫው ውስጥ መክተት መደበቅ አይባልም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። እንዲህ ዓይነት ውሎ ላለው ሰው የኔ ምክር ሽጉጥ አትግዙ የሚል ነው።

ውሎው የሚፈቅድለት ሰው ቀጥሎ የሚያየው እጁን ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

ትንሽ ሽጉጥ ለሴት ይመቻል የሚል እምነት አለ። ባሎች ለሚስቶቻቸው በኪስ የምትገባ ቀላል ሽጉጥ ይገዛሉ። ነገር ግን ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ የሚራገጠው እጅ ላይ ነው። ክብደት ያለው ብረት ግማሹን ምት ራሱ ይውጠዋል። ሦስት መቶ ግራም የማትሞላ ሽጉጥ ለመያዝ ትጥማለች፤ አምስት ጥይት ከተተኮሰባት በኋላ ግን መዳፍ ይቃጠላል፣ ተኳሹም ከስድስተኛው ጥይት በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። የሚያም ነገር ማንም አይለማመድም። ያልተለማመዱበት ሽጉጥ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት ከአጥቂው ይልቅ ለአላፊ አግዳሚው ያሰጋል።

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የተኩስ መለማመጃ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ቤተሰብ የገዛላቸውን ሽጉጥ ይዘው መጡ። ለማቀባበል የላይኛውን ተንሳቢ ብረት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ጫፍ ቆንጥጠው ይጎትታሉ፤ ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ፊታቸው ቀላ፤ ጣታቸውም ሳይታወቃቸው ወደ ምላጩ መንሸራተት ጀመረ። አሠልጣኙ በቀስታ አስቆማቸው። ሽጉጡን ወደ ደረታቸው እንዲያስጠጉ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደሆነ እንዲቆይ፣ ብረቱን በሙሉ መዳፍና በአራት ጣት ከላይ እንዲጨብጡ፣ ከዚያም ብረቱን ወደ ኋላ ከመሳብ ይልቅ አጥብቀው ይዘው እጀታውን በቀኝ እጃቸው ወደ ፊት እንዲገፉት አደረገ። በከፊል ተከፈተ። ከዚያ ከኪራይ መደርደሪያው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዜድ የሚባለውን አምጥቶ ሰጣቸው። በ2018 የወጣ፣ 380 የሚባለውን የጥይት መጠን የሚተኩስ ሽጉጥ ነው፤ ተንሳቢው እንዲቀል ተደርጎ የተሠራ። በመጀመሪያው ሙከራ አቀባበሉት። ከራሳቸው ሽጉጥ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የምትፈትሹት ይህን ነው። አስቀድማችሁ ሻጩ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ እናንተም በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳብሱ። እጀታውን ስትጨብጡ ትንሿ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አለ? የሌባ ጣታችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ሳያዞር ምላጩ ላይ ይደርሳል? ላብ ባለው እጅ ማቀባበል ትችላላችሁ? ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍ በአውራ ጣት ይደረሳል? አንዱ ካልሆነላችሁ ሌላ እዩ። በሰው እግር ተለክቶ ጫማ እንደማይገዛ ሁሉ የጓደኛ ሽጉጥም ለእናንተ መለኪያ አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ተከራይታችሁ ተኩሱበት። ብዙ መለማመጃዎች በጥቂት ዶላር ያከራያሉ።

በገበያው ላይ ስላለው ነገር ትንሽ ላውራ። ለረጅም ዘመን ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ጥቂት ጥይት የሚይዝ ቀጭን፣ ወይ ብዙ የሚይዝ ወፍራም። በ2012 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ በ9 ሚሊሜትር 7 ወይም 8 ጥይት ይይዝ ነበር። በ2015 የወጣው ግሎክ 43 ደግሞ 6። በ2018 ሲግ ሳወር ፒ365 የሚባለውን ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ትንሽ አካል ላይ የ10 ጥይት ካዝና ገጠመበት። ስፕሪንግፊልድ ሄልካት በ2019፣ ሺልድ ፕላስ በ2021 ተከተሉት። ዛሬ በየቀኑ ለሚታጠቅ ሰው አብዛኛው አሠልጣኝ የሚያሳየው ከነዚህ መካከል ነው። ግሎክ 19 ከ1988 ጀምሮ የኖረና የተመሰከረለት ሽጉጥ ነው፤ 15 ጥይት ይይዛል፣ እጅ ውስጥ ደልደል ይላል፣ ለመማርም ምቹ ነው። ግን ጥይት ሞልቶ ከ800 ግራም በላይ ስለሚመዝን ቀጠን ያለ ሰው በበጋ ሸሚዝ ሥር ሊደብቀው ይቸገራል። የሜሪላንድ ነዋሪዎች ልብ በሉ፤ በግዛታችሁ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥም፤ በግዛቱ ዝርዝር ውስጥ ያልሰፈረ ሽጉጥም እንዲሁ። ሽጉጥ ደግሞ ከምትኖሩበት ግዛት ውጭ ገዝታችሁ ይዛችሁ መምጣት አትችሉም።

ሪቮልቨር ይሻላል የሚሉ አሉ። አምስት ጥይት የሚይዘው ባለ 38 ስፔሻል ትንሽ ሪቮልቨር ማቀባበል አያስፈልገውም፤ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን መልሶ መሳብ ብቻ ነው። እውነት ነው። ችግሩ ምላጩ ከባድ መሆኑ ነው። እስከ 5 ኪሎ ተኩል የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል፤ የግሎክ ምላጭ ግን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ጣቱ የደከመ ሰው ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ከኢላማው ይሸሻል። እኔ ሪቮልቨርን ለጀማሪ አልመክርም። ብዙ ለሚለማመድ ሰው ግን ጥሩ መሣሪያ ነው።

በአገር ቤት ሠራዊት ውስጥ ያገለገላችሁ ወንድሞችና አባቶች ማካሮቭን ታውቃላችሁ። ማካሮቭ የእጅ መቆለፊያ አለው፤ የመጀመሪያው ምላጭም ከበድ ይላል። ግሎክና ብዙዎቹ የዛሬ ሽጉጦች በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የላቸውም። ከተቀባበለ በኋላ ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል፤ የሳበው ጣት ይሁን የጃኬት ገመድ አይለይም። የድሮ ልማዳችሁን ይዛችሁ አትምጡ፤ እንደገና ተማሩ። የማካሮቭ ጥይትም 9 ሚሊሜትር ቢባልም እዚህ ከተለመደው 9 ሚሊሜትር ጋር አንድ አይደለም፤ አንዱን በሌላው ቦታ አትጠቀሙ።

ስለ ጥይት መጠን የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ1986 ማያሚ ላይ ወኪሎቹ ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ ወደ ትልልቅ ጥይት ሄዶ ነበር፤ ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ለናንተም 9 ሚሊሜትር ይበቃል፤ እጁ ለደከመ ደግሞ 380። ለልምምድ ርካሹን ሙሉ ሽፋን ያለውን ጥይት ተጠቀሙ። ለመታጠቅ ግን ጫፉ የተቦረቦረውን፣ ሆሎ ፖይንት የሚሉትን ያዙ፤ ሰውነት ውስጥ ስለሚከፈት አልፎ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል። ከምትታጠቁት ጥይት ላይም ጥቂት ሳጥን ተኩሱ፤ ሽጉጣችሁ ሳይቀረቅር መጉረሱን ማወቅ አለባችሁ።

ከሽጉጡ እኩል የሚያስፈልገው መያዣው ነው፤ ሆልስተሩ። ሽጉጥ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር፣ ወይም ሱሪ ውስጥ እንዲያው ተሸጉጦ አይያዝም። ጥሩ ሆልስተር ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ጠንካራ ነው፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ አይጨመደድም። አደጋ የሚደርሰው ሽጉጡ ሲመዘዝ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም ነው፤ የሸሚዝ ጫፍ ወይም ጣት አብሮ ሲገባ። ስትመልሱ ቆም በሉ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጉ፣ እያያችሁ መልሱ። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቀበቶውም ጠንከር ያለ ይሁን፤ ልፍስፍስ ቀበቶ ሽጉጡን ያወዛውዘዋል፣ ቅርጹም በልብስ ላይ ይወጣል።

አሁን የኛን ኑሮ እዩት። እኛ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን፣ ደረት ለደረት እንተቃቀፋለን፣ ጀርባ እንመታታለን። ወገብ ላይ ያለ ብረት በመጀመሪያው ሰላምታ ይታወቃል። የሐበሻ ቀሚስ ቀበቶ የለውም፤ የወገብ ሆልስተር የለመደች እህት በዓል ቀን ምን ታደርጋለች? የእጅ ቦርሳ ውስጥ ልክተተው ካለች፣ ቦርሳው ሶፋ ላይ ይቀራል፣ ልጅ ማስቲካ ፍለጋ ይከፍተዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድ ሰው ሽጉጥ ወገቡ ላይ አድርጎ እንዴት ይወድቃል፣ እንዴት ይነሳል? በነዚህ ቀኖች ሽጉጡ ቤት ተቆልፎ ይቅር። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ደግሞ ካፖርታችንን መኝታ ቤት አልጋ ላይ እንከምራለን፤ ልጆቹም የሚጫወቱት እዚያው ክፍል ነው። ካፖርት ኪስ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው በዚያ ቤት ላይ ሌላ ለቅሶ ሊጨምር ይችላል።

ቤታችሁ ውስጥ ከሰውነታችሁ የወጣ ሽጉጥ ማደሪያው የተቆለፈ ሳጥን ነው። ቁም ሣጥን ላይ ከጋቢ ሥር ማስቀመጥ ከልጅ መደበቅ አይደለም፤ ልጅ የቤቱን ጓዳ ከወላጁ በላይ ያውቃል። ሕጉም ይጠይቃል። በሜሪላንድ ከ2023 ወዲህ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መተው ያስቀጣል። በቨርጂኒያም ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተመሳሳይ ሕግ አለ።

ከዚህ በኋላ የምለው ከባድ ነው፤ ግን ሳልለው ብቀር ሥራዬን አልሠራሁም። በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሽጉጥ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚመጣው ዋናው ስጋት ከውጭ ሰብሮ ከሚገባ ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው። በስደት ያለ ብቸኝነት፣ የአገር ቤት መርዶ፣ የትዳር መፍረስ፣ የልጅ ዝምታ፣ እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ግን አንናገራቸውም። ቤታችሁ ውስጥ ልቡ የተሰበረ ሰው ካለ፣ እናንተም ራሳችሁ ብትሆኑ፣ ሽጉጥ መግዛቱ ይቆይ። ያላችሁም ከሆነ ለጊዜው ከቤት የሚወጣበትን ሕጋዊ መንገድ ፈልጉ። 988 የሚለው ስልክ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ በነጻ ነው።

ፖሊስ ቢያስቆማችሁስ? ሞተር አጥፉ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። ሽጉጡ ወዳለበት አትጠቁሙ፣ አትድረሱ። በዲሲ ፈቃድ ያለው ሰው መታጠቁን ለፖሊሱ የመንገር ግዴታ አለበት። በሌሎቹም ቢሆን በተረጋጋ ድምፅ ፈቃድ እንዳላችሁ ተናግራችሁ ምን ላድርግ ብላችሁ መጠየቅ ይበጃል። በ2016 በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ፈቃድ ያለው ሰው፣ መታጠቁን በትህትና ከተናገረ በኋላ መኪናው ውስጥ በፖሊስ ተገድሏል። ፖሊሱ በነጻ ተለቀቀ። ይህን የምናገረው ፍርሃት ለመዝራት አይደለም። በዚህ አገር ጎዳና ላይ እኛም በመልካችን እንደምንታይ አውቀን እንድንወስን ነው።

ሽጉጥ ሊመዘዝ የሚችለው ሕይወት የሚያጠፋ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት የሚያደርስ አደጋ ሲደቀን ብቻ ነው። መኪና ለሚሰርቅ፣ ለሚሳደብ፣ ሂሳብ ሳይከፍል ለሚሮጥ አይደለም። በሜሪላንድ ከቤታችሁ ውጭ በሰላም ማምለጥ ከቻላችሁ ማምለጥ ግዴታችሁ ነው። ዝርዝሩን ከሥልጠናችሁ ተማሩት።

በአገር ቤትና በአረብ አገራት የምትሰሙን አድማጮች፣ ዛሬ የተናገርነው ለናንተ አይሠራም። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚዳኘው በ2012 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ነው።

ልትገዙ የወሰናችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን በዚህ መንገድ አውጡ። መጀመሪያ ለሥልጠና ክፈሉ። ቀጥሎ የሚቆለፍ ሳጥን ግዙ። ከዚያ መለማመጃ ሄዳችሁ ሦስት አራት ዓይነት ሽጉጥ ተከራይታችሁ ተኩሱ። ሽጉጡን ከሆልስተሩ ጋር በመጨረሻ ግዙት፤ በየወሩም ተለማመዱበት። ሕጎቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን ፖሊስ ወይም ጠበቃ ጠይቁ። ውሎአችሁን ጽፋችሁ ስታዩት ሽጉጡ አብዛኛውን ሰዓት መኪና ውስጥ የሚቀር ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ለመኪና ማቆሚያችሁ መብራት፣ ለሱቃችሁ ካሜራና ሁለተኛ ሰው አውሉት። ጥያቄ ያላችሁ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ደውሉልን።